ሰኔ 1965፦ የዘውዱ ዘመን የመጨረሻ ምርጫ ከአዲስ አበባ ዳርቻ ሲታይ

ከሰኔ 16 እስከ ሰኔ 30 ቀን 1965 ዓ.ም. ባሉት ቀናት የኢትዮጵያ ሕዝብ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት 250 እንደራሴዎችን መረጠ። ምርጫው በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት መሠረት ከተካሄዱት ጠቅላላ ምርጫዎች አምስተኛው ነበረ፤ የመጨረሻውም እሱ ሆነ። ድምፅ ከተሰጠ ከአሥራ አራት ወራት በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ፤ በዚያው ዕለት የወጣው የጊዜያዊ ወታደራዊ መንግሥት የመጀመሪያ አዋጅ ፓርላማውንም ዘጋው። የአዋጁ ምክንያት አጭር ነው፤ ምክር ቤቱ የሕዝብ እውነተኛ ወኪል ስላልሆነ፣ ሕዝቡ እውነተኛ እንደራሴዎቹን እስኪመርጥ ድረስ ተዘግቶ ይቆያል የሚል ነው።

ይህ የጉዳይ ጥናት የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው። ከተመረጠ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ምክር ቤት በአንድ አንቀጽ ሲዘጋ፣ ድምፁን የሰጠው ሕዝብ ስለ ምን ዝም አለ? ወታደሩ ጠመንጃ ነበረው የሚለው መልስ አያረካም። በዚያው በ1966 ዓ.ም. መምህራን፣ የታክሲ ነጂዎች፣ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ተማሪዎችና ለሃይማኖት እኩልነት የወጡ ሙስሊሞች የአዲስ አበባን አደባባዮች ደጋግመው ሞልተዋል፤ የእኔ የሚለው ነገር የተነካበት ሰው ጠመንጃ እያየም ይወጣ እንደነበር ዓመቱ ራሱ ይመሰክራል። ስለ ምክር ቤቱ ግን የወጣ ሰልፍ አልነበረም። ስለዚህ መልሱን ከጠመንጃው ይልቅ በእንደራሴው ወንበር ዙሪያ መፈለጉ ይሻላል።

ለዚህም የተመረጠው የመመልከቻ ቦታ የአዲስ አበባ ዳርቻ ነው፤ ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ፣ ከኮተቤ ማዶ ለገዳዲ፣ ከቃሊቲ ወዲያ አቃቂ፣ ከኮልፌ ባሻገር ቡራዩና ሆለታ፣ ከዓለም ገና ወዲያ ሰበታ። የቦረና ወይም የጋሞ ጎፋ ገበሬ አራት ኪሎ ያለው ምክር ቤት ሩቅ ሆኖብኛል ቢል ያስኬደዋል። የዳርቻው ሰው ግን ይህን ሊል አይችልም። የከተማዋ ውኃ ከገፈርሳና ከለገዳዲ ይመጣ ነበር፣ የማገዶ ባሕር ዛፏ ከእንጦጦ ጋራ ይወርድ ነበር፣ ጤፏና ገለባዋ በአህያ ተጭኖ በዳርቻው ኬላዎች ይገባ ነበር። አገር የሚገዛበት አዳራሽ ከእርሻው ማሳ የጥቂት ሰዓት መንገድ ነው። ርቀት ሰበብ በማይሆንበት በዚህ ቦታ የምርጫው ጉድለት ያለ መሸፈኛ ይታያል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ወንበሩ በሕግ ፊት

የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት በሐምሌ 1923 ዓ.ም. ሲወጣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ነበሩ፤ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪደርስ ድረስ ለጊዜው ነው የሚል ቃልም አብሮ ተጽፏል። ያ "ለጊዜው" ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጀ። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዕድሜው 21 ዓመት ለሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ለወንዱም ለሴቱም፣ የመምረጥ መብት ሰጠ። በ1950 ዓ.ም. መግቢያ በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው የምክር ቤቱ የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆኑ። ይህ በጊዜው እንደ ቀላል የሚታይ አልነበረም፤ በብዙ አገሮች ሴቶች ገና ለምርጫ መብት ይከራከሩ በነበረበት ወቅት ነው።

ሕጉ በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው እጁ የያዘባቸው ቦታዎች ግን ነበሩ። ዕጩ የሚሆን ሰው 25 ዓመት የሞላው፣ በምርጫ ክልሉ የሚኖር፣ በዚያም ሕጉ የሚወስነውን ያህል ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል ነገር አልተፈቀደም፤ ዕጩው የሚቀርበው በስሙ፣ በዘመዱና በኪሱ ነበር። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላትን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። ጠቅላይ ሚኒስትሩና ሚኒስትሮቹ ተጠሪነታቸው ለንጉሠ ነገሥቱ ነበር፤ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮቹን መርጠው እንዲያቀርቡ ሲፈቀድም እንደራሴው በዚህ ምርጫ ውስጥ ድርሻ አልነበረውም። በሁለቱም ምክር ቤቶች ያለፈ ሕግ ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ አይጸናም ነበር።

ሚኒስትር ማውረድ የማይችል፣ በፓርቲ ያልተደራጀ፣ ለአራት ዓመት ብቻውን አዳራሽ የሚቀመጥ እንደራሴ ለመራጩ ምን ሊያደርግለት ይችላል? ጥያቄ ይዞ በየሚኒስቴሩ ይዞር ነበር፤ ለወረዳው መንገድ፣ ትምህርት ቤት ወይም ክሊኒክ ይለምን ነበር፤ የታሰረ ዘመድ ያስፈታ ነበር። በእኔ ግምት እንደራሴነት በተግባር ጉዳይ አስፈጻሚነት ነበር። ይህንንም ቢሆን መናቅ አይገባም፤ በዚያ ዘመን ደጅ የሚጠናለት ማግኘት ለገበሬ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ በዚህ ሥራ እንኳ ከእንደራሴው የሚበልጥ መኖሩ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የሚፈርዱበት ዙፋን ችሎት ክፍት ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ በሚያልፉበት መንገድ ዳር ቆሞ "ጃንሆይ!" እያሉ አቤቱታ ማቅረብም የቆየ ልማድ ነበር። የዳርቻው ሰው ለዚህ ከሩቁ ባላገር ይልቅ ዕድለኛ ነበር፤ ጃንሆይ ወደ ደብረ ዘይት ወይም ወደ ሆለታ ሲሄዱ የሚያልፉት በደጁ ነው። በአንድ ወረቀት ከዙፋኑ መድረስ እንደሚችል የሚያስብ ሰው፣ ዙፋኑን መጠየቅ የማይችለውን እንደራሴ ምን ያደርግለታል?

በወሰኑ ወዲህና ወዲያ

ሕገ መንግሥቱ አገሪቱን 200,000 ያህል ሕዝብ ባላቸው የምርጫ ክልሎች ከፍሎ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት እንደራሴ መደበ። ከ30,000 በላይ ሕዝብ ላለው ከተማ ደግሞ አንድ እንደራሴ፣ ከዚያ በላይ ለሚኖረው ለየ50,000ው ሕዝብም ተጨማሪ አንድ አንድ ፈቀደ። (አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ እስከ 1976 ዓ.ም. ስላልተደረገ 200,000 የሚለው ቁጥር ራሱ በግምት የተያዘ ነበር።) ይህን ስሌት ከዳርቻው ሆኖ ለሚመለከተው አንድ ነገር ወዲያው ይታየዋል። በባላገር ክልል አንድ እንደራሴ ለ100,000 ሰው ሲደርስ በከተማ ለ50,000 ይደርሳል፤ በወረቀት ላይ ቢያንስ የከተሜው ድምፅ የባላገሩን እጥፍ ይመዝናል ማለት ነው። በ1954 ዓ.ም. መግቢያ በተደረገው የአዲስ አበባ ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ 443,728 ነበረ፤ በቀመሩ ብቻ ቢሰላ 9 ወንበር ይሆናል። አዲስ አበባ ከንቲባ ያላት ራሷን የቻለች አስተዳደር ስትሆን፣ ዙሪያዋን ያለው አገር በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር በአውራጃና በወረዳ ገዥዎች የሚተዳደር ነበር። ስለዚህ ኮተቤ ወይም ኮልፌ ጫፍ ላይ የከተማው ወሰን የሚያልፍበት መስመር ከቤት ግብር ያለፈ ትርጉም ነበረው። ከመስመሩ ወዲያ ያለው ገበሬ ከወዲህ ካለው ጎረቤቱ ጋር በአንድ ገበያ እየሸጠ፣ በአንድ ደብር እየተሳለመ፣ በድምፅ ግን ግማሽ ሰው ነበር።

ይህ የቁጥር ልዩነት ግን ከመሬቱ ጥያቄ ጋር ሲተያይ ትንሹ ነው። በሸዋ ከገበሬው ከግማሽ የሚበልጠው የሌላ ሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ነበር። እንደ ስምምነቱና እንደ መሬቱ ሁኔታ ምርቱን ሲሶ ወይም እኩል ለባለርስቱ ያስረክባል፤ እስከ 1960 ዓ.ም. የነበረው አሥራት ሲታከልበት፣ የበዓል እጅ መንሻና የጉልበት ሥራ ሲጨመርበት ለራሱ የሚተርፈው ያንሳል። ሕጉ እንኳ በዚህ አይጨክንም ነበር ማለት አይቻልም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለርስት በኪራይ መልክ እስከ ምርቱ ሦስት አራተኛ ድረስ ሊወስድ እንዲችል ጣሪያውን ሰቅሎት ነበር። በአዲስ አበባ ዙሪያ ደግሞ ባለርስቱ ብዙውን ጊዜ ከተማ ውስጥ ቤት ያለው፣ ከሹማምንት ጋር የሚዋል፣ መሬቱ በከተማዋ መስፋፋት ምክንያት በየዓመቱ የሚከብርለት ሰው ነው። ጭሰኛው በጽሑፍ የሰፈረ ውል የለውም፤ ልቀቅ ሲባል ይለቃል።

የዕጩነት የንብረት ግዴታ በዚህ አገር ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሠራ ለመረዳት ብዙ መመራመር አያሻም። ለዕጩነት የሚያበቃው ንብረት ከሁሉ በፊት መሬት ነበረ፤ መሬት ያለው ባለርስቱ ነበረ። ጭሰኛው መምረጥ ይችላል፣ መመረጥ አይችልም። የሚመርጠውም ከባለርስቱ፣ ከባለርስቱ ዘመድ ወይም ከባለርስቱ ጋር መጣላት ከማይፈልግ አስተማሪና ጸሐፊ ነው። መራጩን ቀስቅሰው የሚያወጡት ጭቃ ሹሙና አጥቢያ ዳኛው ናቸው፤ የምርጫውን ሥራ በበላይነት ይዞ የነበረውም የአገር ግዛት ሚኒስቴር መዋቅር ነበር። ስለዚህ ድምፅ ተሰረቀ ወይስ አልተሰረቀም የሚለው ክርክር ለዚህ አካባቢ ብዙ አይፈይድም። ካርዱ በትክክል ተቆጥሮ ቢሆን እንኳ የሚወጣው ውጤት ያው ነው።

ወሩን ማንሣትም ተገቢ ነው። ሰኔ በሸዋ ደጋ የእርሻ ወር ነው፤ ክረምቱ ገብቶ መሬቱ ሲርስ ገበሬው ከበሬው የማይለይበት፣ መንገዱ ጭቃ የሚሆንበት ጊዜ ነው። በዚህ ሰሞን ማሳውን ጥሎ ለድምፅ የሚሰለፍ ሰው ወይ ነገሩ እጅግ የገባው ነው፣ ወይም ጭቃ ሹሙ ውጣ ያለው ነው።

ቋንቋውም ሌላ ግድግዳ ነበረ። በከተማዋ ዙሪያ ካለው ገበሬ ብዙው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ግን የመንግሥቱ ይፋ ቋንቋ አማርኛ መሆኑን ደንግጓል። ረቂቅ ሕጉ፣ የምክር ቤቱ ክርክር፣ የፍርድ ቤቱ ማመልከቻ ሁሉ በአማርኛ ነበር። ገበያ ወርዶ በሁለቱም ቋንቋ የሚገበያየው ሰው አራት ኪሎ ስለ እርሻው ምን እንደተባለ ለመስማት አስተርጓሚ ያስፈልገው ነበር፤ አስተርጓሚው ደግሞ ብዙ ጊዜ የባለርስቱ ጸሐፊ ወይም ወኪል ነው።

የተኛው ረቂቅ

አንድ ምክር ቤት የማን እንደሆነ የሚታወቀው ባወጣቸው ሕጎች ብቻ አይደለም፤ ባስተኛቸውም ይታወቃል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ምክር ቤቱ ስለ መሬት ኪራይ በሚወያይበት ሰሞን "መሬት ለአራሹ" እያሉ ወደ ፓርላማው ደጃፍ ወጡ። ሰልፉ እንደራሴዎቹን ለመቃወም ብቻ የተደረገ አልነበረም፤ ረቂቁን እንዲያሳልፉ ለመገፋፋትም ነበር። ተማሪው በዚያን ጊዜ ከአዳራሹ ገና ተስፋ አልቆረጠም ማለት ነው። በ1958 ዓ.ም. ስለ መሬት ይዞታ ማሻሻያ የሚሠራ ሚኒስቴር ተቋቋመ። ከጥቂት ዓመት በኋላ የባለርስትንና የጭሰኛን ግንኙነት የሚወስን ረቂቅ ተዘጋጀ። ረቂቁ መሬት ከማንም አልነጠቀም፤ ውሉ እንዲታወቅ፣ ኪራዩ እንዲገደብ፣ ጭሰኛ ያለ በቂ ምክንያት እንዳይነቀል፣ ሲነቀልም ላለማው እንዲካስ የሚጠይቅ መጠነኛ ማሻሻያ ነበር። ይህም ቢሆን በምክር ቤቶቹ መካከል ሲንከባለል ኖሮ ሳይጸድቅ ቀረ፤ ዘውዱ እስኪወድቅ ድረስም አልጸደቀም።

ለዚህ ባለርስት እንደራሴዎችን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል። መንግሥቱም ራሱ ረቂቁን የገፋው በአንድ እጁ ነው። ቤተ መንግሥቱ አጥብቆ የፈለገው ሕግ ሲሆን በሁለቱ ምክር ቤቶች ማለፊያ መንገድ አያጣም ነበር፤ በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ብርቱ ክርክር ተደርጎበትም ቢሆን አልፏል፣ አሥራትንም አስቀርቷል። በጎጃም ያስነሣው ዓመፅ ግን መንግሥቱን አስደነገጠው፤ ከዚያ ወዲህ መሬትን የሚነካ ማንኛውም ነገር እንደ እሳት የሚፈራ ሆነ። በዚህ መካከል በአርሲ ጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት የገባባቸው ባለርስቶች በትራክተር ማረስ ሲጀምሩ ጭሰኞች ተነቀሉ። ወሬው ወደ ሸዋ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። የ1965ቱ ምርጫ ሲመጣ ይህ ረቂቅ የት ደረሰ የሚል ዕጩ በዳርቻው ቢኖር ኖሮ ምርጫው ምርጫ ይሆን ነበር። ፓርቲ በሌለበት፣ ዕጩ ሁሉ ለየብቻው በቆመበት አሠራር ግን አንድን ረቂቅ የሁሉም ዕጩዎች መመዘኛ የሚያደርግ አካል አልነበረም። መራጩ ሰው መረጠ፤ ሐሳብ እንዲመርጥ አልቀረበለትም።

ዘግይቶ የመጣ ድምፅ

ሕዝቡ ድምፅ በሰጠበት ክረምት በወሎ ሰው በረሃብ ይሞት ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ያሳዩት ከምርጫው በፊት፣ በ1965 ዓ.ም. ጸደይ ላይ ነው። መንግሥቱ ግን ጉዳዩን አፍኖ ለመያዝ ሞከረ፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረፀው ፊልም በውጭ አገር እስኪታይ ድረስ አፈናው ቀጠለ። አዲሱ ምክር ቤት ሥራውን የጀመረው በዚህ ጥላ ሥር ነው። አልጋ ወራሹ በ1965 ዓ.ም. አጋማሽ በጠና ታመው ለሕክምና ወደ ውጭ ሄደው ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ 81 ዓመት ሊሞላቸው ነው። ዘውዱ ወዴት እንደሚያመራ የሚጠየቅበት ወቅት ሆኖ ሳለ ጥያቄውን ለመጠየቅ የተመረጠ አካል አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነው በፍጥነት ሆነ። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና ያለው ጦር አመፀ፤ በየካቲት የደብረ ዘይት አየር ኃይል ተከተለ፤ የካቲት 11 መምህራንና የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ የካቲት 20 የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ተተኩ። የካቲት 26 ንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥቱ እንደሚሻሻልና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተጠሪነታቸው ለምክር ቤቱ እንደሚሆን አስታወቁ፤ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በዚያው ሳምንት አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ መታ። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ጥያቄውን በእንደራሴው በኩል ያቀረበ አልነበረም። የነገሌ ወታደር ለንጉሠ ነገሥቱ አመለከተ፣ ሠራተኛው ከመንግሥት ጋር ፊት ለፊት ተደራደረ፣ ተማሪው አደባባይ ወጣ። እንደራሴው በአገሩ ታላቅ ክርክር ውስጥ መንገድ ላይ አልተገኘም።

ሆኖም ምክር ቤቱ በእነዚህ ወራት ዝም አላለም፤ ይህንን ማለፍ ለታሪኩ ግፍ ይሆናል። የበላዩ ክንድ ሲዝል የበታቹ ምላስ ይፈታል እንዲሉ፣ እንደራሴዎቹ ከዚያ በፊት በማይነሣ ድምፅ መናገር ጀመሩ። የቀድሞ ባለ ሥልጣናትን ጥፋት የሚመረምር ኮሚሽን በሕግ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢውም ስለ ወሎ ረሃብ ቀድመው የጮኹት ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ሆኑ። የሕገ መንግሥት ረቂቅ እንዲያዘጋጅ የተሰየመው ኮሚቴም ሥራውን ቀጥሎ፣ በ1966 ዓ.ም. መጨረሻ ዘውዱን በክብር አስቀምጦ ሥልጣኑን ለተመረጠ ምክር ቤት የሚያወርድ ረቂቅ አወጣ። ረቂቁ ከአሥር ዓመት በፊት ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ከሰኔ 1965ቱ የተለየ ምርጫ ሊደረግ ይችል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ነገር ግን ምክር ቤቱ ያገኘውን ድምፅ የተጠቀመበት አንድ አጋጣሚ ለውድቀቱ ምክንያት ሆነ። በሰኔ ወር ጥቂት እንደራሴዎች ጦሩ ያሰራቸው የቀድሞ ሚኒስትሮችና ሹማምንት እንዲፈቱ ለመጠየቅ ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ሄዱ። ሰው ያለ ክስ አይታሰር ማለት በራሱ ትክክለኛ የሕግ ጥያቄ ነው። በዚያች ቀን ግን ተራው ሰው የሰማው ሌላ ነው፤ ለወሎ ረሃብተኛ ወደ የትም ያልሄደ እንደራሴ ለታሰረ ባለርስት ሲሄድ አየ። የበታች መኮንኖቹም አሮጌው ሥርዓት ተመልሶ ሊያንሰራራ ነው ብለው ሠጉ። ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. ደርግ ተመሠረተ።

ሁለተኛው ምርጫ

እዚህ ላይ ከዳርቻው የሚታየው ነገር ከመሐል ከተማ ከሚታየው ይለያል። ደርግ የተሰበሰበው ከየጦር ክፍሉ፣ ከፖሊስና ከብሔራዊ ጦር ተመርጠው በመጡ፣ ማዕረጋቸው ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ በሆነ ከመቶ በላይ ተወካዮች ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ በአገሪቱ ሁለት ዓይነት ውክልና ተካሄደ ማለት ይቻላል፤ አንዱ በሰኔ 1965 በምርጫ ጣቢያ፣ ሌላው በሰኔ 1966 በጦር ሰፈር። የሁለተኛው ተወካይ መሬት አላችሁ ወይ ተብሎ አልተጠየቀም። ጦር ሰፈሮቹ ደግሞ በአዲስ አበባ ዳርቻ የተተከሉ ናቸው፤ በምዕራብ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት፣ በደቡብ ምሥራቅ የደብረ ዘይት አየር ኃይል። ሆለታ የመሣፍንት ልጆች የሚማሩበት ሳይሆን ከወታደርነት ተነሥቶ መኮንንነት የሚደረስበት ትምህርት ቤት ነበረ፤ ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም የወጡት ከዚያው ነው። በዙሪያው ላለው የጭሰኛ ልጅ ከእርሻ ወደ ሥልጣን የሚያደርስ መንገድ ቢኖር የሚያልፈው በዚህ ግቢ እንጂ በምርጫ ጣቢያ አልነበረም።

ይህን የምለው የወታደሩን ውክልና ከሕዝቡ ምርጫ ለማስበለጥ አይደለም። ደርግ ማንንም ሲቪል አልወከለም፤ መርማሪ ኮሚሽኑ ገና ሥራውን ሳይጨርስ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳ ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ፣ ከእነሱም መካከል አክሊሉና እንዳልካቸው ነበሩበት። ቁም ነገሩ የሚያነጻጽሩት ሰዎች ዘንድ ምን ይመስል ነበር የሚለው ነው። ከአቃቂ ፋብሪካ ሠራተኛ ወይም ከሰበታ ጭሰኛ ዘንድ መስከረም 2 ቀን 1967 ሲታይ፣ አንድ በኩል ማሳ ላይ ስለሚደርስበት ነገር አንድ ሕግ ያላወጣ ምክር ቤት አለ፣ ሌላ በኩል ያንኑ ማሳ ሊያወራርስ የሚችል ክንድ አለ። አዋጁም ይህን ያውቅ ነበር፤ ሕገ መንግሥቱን ሲያግድ አዲሱ ረቂቅ ተሻሽሎ ይሠራበታል ብሎ ሲያጽናና፣ ምክር ቤቱን ሲዘጋ ግን ብዙ ማጽናናት አላስፈለገውም።

የመሬቱ ጥያቄ የተመለሰው ምክር ቤቱ ከተዘጋ ከስድስት ወር በኋላ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የጭሰኛና የባለርስትን ግንኙነት ሰረዘ፤ አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለውን መሬት በ10 ሄክታር ገደበ፤ በ800 ሄክታር አካባቢ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም አዘዘ። በማኅበሩ አባልነት ላይ የተጻፈው ድንጋጌ ለዚህ ጥናት ከሁሉ ይልቅ ይጠቅማል። መጀመሪያ አባል የሚሆኑት ጭሰኞች፣ መሬት የሌላቸውና ከ10 ሄክታር ያነሰ የነበራቸው ናቸው፤ ከዚያ የበለጠ የነበረው ባለርስት መግባት የሚችለው የመሬቱ ክፍፍል ካለቀ በኋላ ብቻ ነው። ስለዚህ በሱሉልታና በቡራዩ፣ በሰበታና በሆለታ፣ በ1965 ለዕጩነት ያበቃ የነበረው ሰፊ መሬት በ1967 ከአባልነት የሚያስቀር ሆነ። የአገር ምክር ቤት ግን አዋጁ በሰጠው ተስፋ መሠረት ቶሎ አልተመረጠም። የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ የተደረገው ሰኔ 7 ቀን 1979 ዓ.ም. ነው፤ ዕጩዎቹንም የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲና ፓርቲው የሚመራቸው ድርጅቶች አቀረቡ።